ሊኑክስ ያለበት አሮጌ ኮምፒዩተር ሲንቀራፈፍ፦ ምክንያቱን ፈልጎ የማስተካከል መመሪያ

«ለአሮጌ ኮምፒዩተር ሊኑክስ ይሻላል ተብዬ አስገባሁ፤ አሁንም ግን ይንቀራፈፋል፤ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸውን ማሽኖች ወደ ሊኑክስ የሚያዛውሩ ሰዎች ስለበዙ ጠያቂውም በዝቷል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ይልቅ አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊከተለው የሚችል መመሪያ ማዘጋጀቱን መርጫለሁ።

መመሪያው የተጻፈው ለሊኑክስ ሚንት 22 ተጠቃሚዎች ነው፤ ሲናመንም ሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን እትም ቢጠቀሙ ያገለግላል፤ ሁለቱ የሚለያዩት በዴስክቶፓቸው፣ ማለትም በመስኮቶቹና በሜኑው አቀራረብ ነው። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የሚጠቀሙ ከሆነ የአንዳንድ ሜኑዎች ስም ይለያይ ይሆናል እንጂ አካሄዱ አንድ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። ኮምፒዩተር የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ ከአራት ነገሮች በአንዱ ምክንያት ነው፤ ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማኅደር) ሞልቶበት፣ ዲስኩ አዝጋሚ ወይም የታመመ ሆኖ፣ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ወይም በኃይል እጥረት ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ወይም የግራፊክስ ሥራ ያለ ቦታው ፕሮሰሰሩ ላይ ወድቆ። የአራቱ መፍትሔ ለየቅል ነው። ዲስኩ ለታመመ ማሽን ራም መግዛት፣ ቻርጀሩ ላስቸገረው ላፕቶፕ ሊኑክሱን ደጋግሞ መጫን ገንዘብና ጊዜ ማባከን ስለሆነ፣ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ደረጃ 2 ላይ ያለውን ልኬት ሳያጓድሉ ይሥሩ። ደረጃዎቹ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው የተደረደሩ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ልኬቶቹን ለመመዝገብ
- የግል ፋይሎችዎን ሊይዝ የሚችል ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም በቂ መጠን ያለው ፍላሽ
- የኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል
- የተወሰነ የኢንተርኔት ዳታ፤ አዲስ ሊኑክስ እንደገና ማውረድ ካስፈለገ ብቻ 3 ጊጋባይት ገደማ ይጨምሩ
- ለደረጃ 8 እና 11 ብቻ፦ ባለ ኮከብ ጫፍ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ብሎወር፣ ተርማል ፔስት እና ንጽሕናው ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል

ማስጠንቀቂያ፦ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ማሻሻያ ወይም የዲስክ ሥራ አይጀምሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው መሙላቱን፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ መኖሩን ያረጋግጡ። ሥርዓቱ ፋይል እየጻፈ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ ኮምፒዩተሩ መነሣት እስኪያቅተው ድረስ ሊበላሽ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ፋይሎችዎን ይቅዱ

ሰነዶችዎን፣ ፎቶዎችዎንና የብራውዘርዎን ቡክማርኮች ወደ ውጫዊው ዲስክ ይቅዱ፤ ከዚያም ሁለት ሦስቱን ከውጫዊው ዲስክ ላይ ከፍተው መቀዳታቸውን ያረጋግጡ። ይህ ቅድሚያ የተሰጠው ለወጉ ያህል አይደለም። መንቀራፈፍ አንዳንዴ የሚሞት ሃርድ ዲስክ የመጀመሪያ ምልክት ስለሆነ፣ ደረጃ 3 ላይ ስትደርሱ ለመቅዳት ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል። ቅጂው ባልተለመደ ሁኔታ ከዘገየ ወይም አንድ ፋይል ላይ ደርሶ ከቆመ ያንኑ በወረቀትዎ ላይ ይጻፉት፤ ራሱ ማስረጃ ነው።

ደረጃ 2፦ ይለኩ

ኮምፒዩተሩን ዳግም ያስነሡት፤ ከገቡ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ምንም ሳይነኩ ይጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማሻሻያ ፈላጊውና ሌሎች ፕሮግራሞች ስለሚሯሯጡ ቸኩለው የሚወስዱት ልኬት ያሳስትዎታል። ከዚያ በሲናመን «ሲስተም ሞኒተር»፣ በኤክስኤፍሲኢ «ታስክ ማኔጀር» የሚለውን ከሜኑው ከፍተው የራሙንና የስዋፑን መጠን ይመዝግቡ። ስዋፕ ማለት ራም ሲጠበው ሊኑክስ ከዲስክ ላይ የሚዋሰው ቦታ ነው፤ ዲስክ ከራም እጅግ የዘገየ ስለሆነ ብድሩ ሲበዛ ማሽኑ ይጎተታል።

ቀጥለው የዕለት ሥራዎን እንደ ወትሮው ያሠሩት፤ ብራውዘሩን ከነታቦቹ፣ ሊብሬ ኦፊስን፣ ቴሌግራምን፣ ሌላም የሚከፍቱት ካለ ይክፈቱ። መንቀራፈፉ ሲጀምር ራሙን፣ ስዋፑንና የፕሮሰሰሩን መጠን እንደገና ይመዝግቡ።

አሁን ተርሚናሉን ይክፈቱና በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ቲ፣ ኦ፣ ፒ ብለው ጽፈው ኢንተርን ይጫኑ። ከላይ በኩል ስለ ፕሮሰሰሩ የሚናገረው መስመር ላይ ደብልዩ እና ኤ ከሚሉት ሁለት ፊደላት በፊት የተጻፈውን ቁጥር ይፈልጉ። ይህ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን ሲጠብቅ ያጠፋውን ጊዜ በመቶኛ ያሳያል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ይከታተሉት፤ አንዴ ብልጭ ብሎ መውረዱ ችግር አይደለም፤ 20 እና 30 ላይ እየተመላለሰ ከቆየ ግን ዲስኩ እየጎተተ ነው። በዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ ፕሮሰሰሩን ይበልጥ የሚጠቀመው ፕሮግራም ከላይ ይቀመጣል። አንድ ፕሮግራም 100 ሲያሳይ አንድ የፕሮሰሰር ኮር ሙሉ በሙሉ ይዟል ማለት እንጂ መላውን ፕሮሰሰር ጨርሷል ማለት እንዳልሆነ ያስተውሉ፤ ባለ ሁለት ኮር ማሽን ላይ ድምሩ 200 ድረስ ይሄዳል። ለመውጣት ኪው የሚለውን ፊደል ይጫኑ።

የመጨረሻው ልኬት የፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ሙቀት ነው። በሜኑው ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብለው ይፈልጉ፤ በአንዳንድ እትሞች «ሲስተም ሪፖርትስ» በሚለው መስኮት ውስጥ ይገኛል። የፕሮሰሰሩን አማካይ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ፍጥነት በሜጋኸርትዝ፣ ሙቀቱን ደግሞ በዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሳያል። መስኮቱ በተከፈተበት ቅጽበት የነበረውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ አንድ ጊዜ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቪዲዮ እያጫወተ ሳለ ዘግተው ይክፈቱትና ሁለቱንም ይመዝግቡ።

የመዘገቡት የሚመራዎት እንደሚከተለው ነው።

- ራሙ ሞልቶ ስዋፑ እያደገ ከሆነ ጉድለቱ የራም ነው፤ ደረጃ 5፣ 6 እና 9 ላይ ያተኩሩ።
- ራሙ ቦታ እያለው ዲስክ የመጠበቂያው ቁጥር ከፍ ካለ ደረጃ 3 እና 4፣ ቀጥሎም 11 ይመለከትዎታል።
- ፕሮሰሰሩ ሞልቶ ከላይ የተቀመጠው ብራውዘር ከሆነ ደረጃ 5፣ ሲናመን ወይም ኤክስኦርግ የሚባለው (መስኮቶችን ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ፕሮግራም) ከሆነ ደረጃ 7 ነው።
- ማሽኑ ሥራ በዝቶበት እያለ ፍጥነቱ ከዝቅተኛው ቁጥር ፈቀቅ ካላለ ወይም ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ ከበለጠ በቀጥታ ወደ ደረጃ 8 ይሂዱ።

ደረጃ 3፦ የዲስኩን ጤንነት ይመርምሩ

ከሜኑው «ዲስክስ» የሚለውን ከፍተው ዋናውን ዲስክ ይምረጡ፤ ከላይ ካለው ባለ ሦስት ነጥብ ምልክት ውስጥ «ስማርት ዳታ» የሚለውን ይጫኑ። ረጅም ሰንጠረዥ ይመጣል፤ ሁሉንም መረዳት አይጠበቅብዎትም። በግራ በኩል ባለው መለያ ቁጥር አራቱን ብቻ ይፈልጉ።

ቁጥር 5 ዲስኩ ተበላሽተውበት በመጠባበቂያ የተካቸውን ክፍሎች፣ ቁጥር 197 አላነብብ ብለውት በጥርጣሬ የያዛቸውን፣ ቁጥር 198 ጨርሶ ሊነበቡ ያልቻሉትን ይቆጥራል። 197 ወይም 198 ላይ ያለው ዋጋ ከዜሮ በላይ ከሆነ እዚህ ላይ ይቁሙ፤ የቀረ ፋይል ካለ ቀድተው ዲስኩን ይቀይሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዲስኩ የተጎዳ ክፍል ሲያጋጥመው ለማንበብ ደጋግሞ ይሞክራል፤ እሱ በሞከረ ቁጥር ሥርዓቱ በሙሉ ይጠብቀዋል፤ ማውሱ ተንቀሳቅሶ ክሊክ ግን የማይሠራበት ያ አስጨናቂ ቅጽበት ከዚህ ይመጣል። ምንም ዓይነት የሶፍትዌር ማስተካከያ አያድነውም። ቁጥር 5 ብቻ ጥቂት አሳይቶ ለሳምንታት ካልጨመረ በጥንቃቄ መጠቀም ይቻላል፤ እያደገ ከሄደ ግን ዲስኩን አይመኑት።

ቁጥር 199 ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል መረጃ ሲተላለፍ የተፈጠረ ስሕተትን ነው። ይህ ቁጥር የሚጨምር ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሳታ ኬብሉ ስለሆነ፣ ዲስኩን ከመጣልዎ በፊት ኬብሉን ነቅለው ይሰኩት ወይም ይቀይሩት።

ደረጃ 4፦ የዲስኩን ቦታ ያስለቅቁ

ሥርዓቱ ያለበት ክፍል ከ90 በመቶ በላይ ከሞላ ሊኑክስ ጊዜያዊ ፋይሎቹን የሚያስቀምጥበት ያጣል፤ ማሻሻያዎችም በመሐል ይቋረጣሉ። «ዲስክ ዩሴጅ አናላይዘር» የሚለውን ከፍተው ቦታ የያዘው የትኛው ፎልደር እንደሆነ ይመልከቱ።

ሚንት ላይ በጣም የማገኘው ጥፋተኛ «ታይምሺፍት» ነው። ሥርዓቱን ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስችሉ ቅጂዎችን የሚያስቀምጥ ጠቃሚ ፕሮግራም ቢሆንም፣ ቅጂዎቹ በዚያው ዲስክ ላይ ከተከማቹ ትንሽ ዲስክ ቶሎ ይሞላል። ይክፈቱትና የሚያስቀምጠውን ብዛት ወደ ሁለት ይቀንሱ፤ አሮጌዎቹን ከራሱ ከፕሮግራሙ ውስጥ ያጥፉ እንጂ ፎልደሩ ውስጥ ገብተው በእጅ አይሰርዙ። ቀጥሎ ከአፕዴት ማኔጀሩ «ቪው» ሜኑ ውስጥ የሊኑክስ ከርነሎችን (ሃርድዌሩን የሚያዝዘውን የሥርዓቱን እምብርት) ዝርዝር ይክፈቱ፤ አሁን የሚጠቀሙበትንና ከእሱ በፊት የነበረውን አንድ አስቀርተው ሌሎቹን ያስወግዱ። አንዱን አሮጌ ማስቀረት ያስፈለገው አዲሱ ከርነል አልነሣ ቢል የሚመለሱበት እንዲኖርዎት ነው።

ደረጃ 5፦ ብራውዘሩን ይግሩት

4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ብዙውን ጊዜ ራሙን የሚጨርሰው ሊኑክሱ ሳይሆን ብራውዘሩ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም የሥርዓት ማስተካከያ በፊት እዚህ ላይ የሚያጠፉት ግማሽ ሰዓት ይበልጥ ይክስዎታል።

በፋየርፎክስም ሆነ በክሮም ሺፍት እና ኤስኬፕ ቁልፎችን አብረው ይጫኑ። እያንዳንዱ ታብ የያዘው ራምና የሚጠቀመው የፕሮሰሰር መጠን በዝርዝር ይወጣል። ያልነኩት ታብ ከበስተኋላ ሆኖ ፕሮሰሰሩን እያሠራ ካገኙት ዝጉት፤ ለኋላ የሚፈልጉት ከሆነ ቡክማርክ ያድርጉት። ከዚያ የማይጠቀሙባቸውን ኤክስቴንሽኖች በሙሉ ያስወግዱ፤ አንዱን ብቻ ይጨምሩ፤ እሱም «ዩብሎክ ኦሪጂን» ነው። ማስታወቂያዎችና ተከታታይ ስክሪፕቶች ሳይወርዱ ስለሚቀሩ ገጹ ይቀልላል፣ የሞባይል ዳታም ይተርፋል። ሙሉው እትም አሁን በክሮም ላይ ስለማይሠራ፣ ለአሮጌ ማሽን ፋየርፎክስን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቪዲዮ ሲያዩ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ዩቲዩብ ቪዲዮዎቹን በአብዛኛው ቪፒ9 ወይም ኤቪ1 በተባሉ የአሠራር ዓይነቶች ይልካል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 በፊት የወጡ አብዛኞቹ የግራፊክስ ቺፖች ግን በሃርድዌር መፍታት የሚችሉት ኤች.264 የተባለውን የቀደመ ዓይነት ነው። ቺፑ ያልቻለውን ፕሮሰሰሩ ይሸከማል፤ ማራገቢያው የሚጮኸውም ለዚህ ነው። በፋየርፎክስ ላይ «ኢንሃንስድ ኤች264ፋይ» የተባለውን ኤክስቴንሽን ቢጨምሩ ዩቲዩብ ኤች.264 እንዲልክ ያስገድደዋል። ሃርድዌሩ ባይረዳ እንኳ ይህ ዓይነት ለፕሮሰሰሩ የቀለለ ነው። ከ1080 በላይ ጥራት ማግኘት እንደማይችሉ ይወቁ፤ ለአሮጌ ስክሪን ግን ከ480 እስከ 720 ይበቃል።

ደረጃ 6፦ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞችን ይቀንሱ

በሲናመን «ስታርትአፕ አፕሊኬሽንስ»፣ በኤክስኤፍሲኢ «ሴሽን ኤንድ ስታርትአፕ» የሚለውን ይክፈቱ። ብሉቱዝ የማይጠቀሙ ከሆነ የብሉቱዝ አስተዳዳሪውን፣ ፕሪንተር ከሌለዎት የፕሪንተሩን ምልክት፣ ፋይል በኔትወርክ ካልተለዋወጡ «ዋርፒኔተር»ን፣ እንዲሁም ሳይጠሩት የሚነሣ ቴሌግራምን የመሰለ ፕሮግራም ካለ ያጥፉ። አፕዴት ማኔጀሩን ግን አያጥፉት፤ በሲናመን በዚያው መስኮት የመነሻ ጊዜውን ወደ 120 ሴኮንድ ማዘግየት ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ «አይባስ» ወይም «ኤፍሲቲክስ» የሚሉ ስሞች ካገኙ አይንኳቸው። አማርኛ የሚጽፉት በእነሱ በኩል ከሆነ፣ ሲያጠፏቸው የግእዝ ፊደል መጻፊያዎ አብሮ ይጠፋል። የኔትወርክ፣ የድምፅና የ«ፖሊሲኪት» ምልክቶችም ባሉበት ይቆዩ።

ደረጃ 7፦ የግራፊክስ ሥራው የት እንዳረፈ ያረጋግጡ

በ«ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ ስለ ግራፊክስ የሚናገረውን ክፍል ያንብቡ። «ሬንደረር» ከሚለው ቃል አጠገብ የኢንቴል፣ የኤኤምዲ ወይም የኤንቪዲያ ስም ካለ ደኅና ነው። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ከሆነ ግን የግራፊክስ ቺፑ ሥራ ላይ የለም ማለት ነው፤ መስኮት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሥዕሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው። በሲናመን ላይ ይህ ብቻውን ማሽኑን ያንበረክከዋል።

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ከሪከቨሪ ሞድ አልፈው ያስነሡት ከሆነ በተለመደው መንገድ ዳግም ያስነሡት፤ ያ መንገድ ግራፊክሱን ሆን ብሎ ያሰናክላል። ሊኑክሱን ሲጭኑ ስክሪኑ ጠቁሮብዎት «ኖሞድሴት» የሚለውን ቃል በግረብ ማስነሻው ውስጥ በቋሚነት ጨምረው ከነበረ አሁን ያውጡት። ኤንቪዲያ ካርድ ካለ «ድራይቨር ማኔጀር»ን ከፍተው የሚመክረውን ይምረጡ፤ ካርዱ በጣም የቆየ ከሆነ ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ነባሩ ክፍት ድራይቨር ይቀጥላል።

ግራፊክሱ በትክክል እየሠራም ቢሆን ከሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ «ኢፌክትስ»ን ማጥፋት ጥቂት ይረዳል፤ በኤክስኤፍሲኢ «ዊንዶው ማኔጀር ትዊክስ» ውስጥ «ኮምፖዚተር» የሚለውን ምልክት ማንሣት ተመሳሳይ ነው።

ደረጃ 8፦ ሙቀትና ቻርጀር

ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። 2,500 ሜጋኸርትዝ መሮጥ የሚችል ማሽን 800 ላይ ሲውል ምንም ዓይነት ሶፍትዌር አያነቃውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ሙቀትን ይዞ የመውጣት አቅሙ ስለሚያንስ፣ አቧራ የያዘው ላፕቶፕ ደጋ ላይ ይበልጥ ይቸገራል።

ማሽኑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት፤ የማይወጣ ከሆነ ሽፋኑን እንደከፈቱ ኬብሉን ከማዘርቦርዱ ይንቀሉት። በሰውነትዎ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ቺፖቹን እንዳይጎዳ ያልተቀባ ብረት ይንኩ። ማራገቢያውን በጣትዎ ይዘው አቧራውን በብሩሽና በብሎወር ያስወጡ፤ ሳይያዝ በብሎወር ቢነፋ ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ሞተሩ ወይም የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱ ሊበላሽ ይችላል። ትልቁ ጉድፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማራገቢያውና በናሱ ክንፎች መካከል እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ነውና እዚያ ሳይደርሱ አይዝጉት። ተርማል ፔስቱ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በአልኮል ጠርገው ከአንድ የስንዴ ፍሬ ያልበለጠ አዲስ ፔስት መሐል ላይ ያድርጉ፤ ማብዛቱ ሙቀቱን ያባብሳል እንጂ አይቀንስም።

ሙቀቱ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ፍጥነቱ ከታች ካልተነሣ ቻርጀሩን ይጠርጥሩ። አንዳንድ ላፕቶፖች የተሰካባቸውን ቻርጀር ማንነትና ዋት ይጠይቃሉ፤ ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ፣ ዋቱ ካነሰ ወይም የመለያ ሽቦው ከተበጠሰ ባትሪውን ላይሞሉ፣ ፕሮሰሰሩንም ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ሊያወርዱት ይችላሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ባትሪው ደኅና ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ያሠሩትና ፍጥነቱን እንደገና ይመልከቱ። ሲነቀል ፍጥነቱ ከጨመረ ችግሩን አግኝተዋል፤ በላፕቶፑ ሥር ከተጻፈው ቮልት እኩል፣ ከዋቱም እኩል ወይም የበለጠ ትክክለኛ ቻርጀር ይፈልጉለት።

ደረጃ 9፦ ዚራምን ያብሩ

ይህ የሚጠቅመው ልኬትዎ የራም እጥረት ካሳየ ነው። ዚራም ከራሙ ውስጥ የተወሰነውን ክፍል የታመቀ ስዋፕ ያደርገዋል፤ ሊኑክስ ወደ ዲስክ ሊያወጣው የነበረውን መረጃ አጥፎ እዚያው ራም ውስጥ ስለሚያቆየው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቦታው ወደ ግማሽና ከዚያም በታች ይወርዳል። ፕሮሰሰሩ ለማመቅ ጥቂት ይሠራል፤ ሃርድ ዲስክ ከመጠበቅ ግን በብዙ ይቀልላል። 2 ወይም 4 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ለውጡ ወዲያው ይታያል።

«ሲናፕቲክ»ን ከፍተው «ዚራም-ቱልስ» የተባለውን ፓኬጅ ኢንስቶል ያድርጉ። ከዚያ በፋይል ማኔጀሩ ከዋናው ሥር ባለው «ኢቲሲ» ፎልደር፣ በውስጡም «ዲፎልት» በሚለው ውስጥ «ዚራምስዋፕ» የተባለውን ፋይል በአስተዳዳሪ መብት ይክፈቱት። «ፐርሰንት» ከሚለው መስመር ፊት ያለውን የመሰላል ምልክት አጥፍተው ቁጥሩን 50 ያድርጉ፤ አስቀምጠው ኮምፒዩተሩን ዳግም ያስነሡ። በሲስተም ሞኒተሩ ላይ የስዋፑ መጠን ከበፊቱ አድጎ ካዩ ሠርቷል። ነባሩን የዲስክ ስዋፕ አያጥፉት፤ ዚራሙ ሲሞላ ተጠባባቂ ይሆናል።

ደረጃ 10፦ ቀለል ያለ ዴስክቶፕ

ሲናመን የሚጠቀሙና ራምዎ 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ኤክስኤፍሲኢ መዛወር ጥቂት መቶ ሜጋባይት ያተርፍልዎታል፤ ደካማ የግራፊክስ ቺፕም ያርፋል። ሁለቱን ዴስክቶፖች አንድ ላይ ከማነባበር ይልቅ የኤክስኤፍሲኢውን እትም በአዲስ መልክ መጫን የጸዳ ነው፤ ካልሆነ ሜኑው በተደጋገሙ ፕሮግራሞች ይሞላል። ብራውዘሩ ግን የትም ቢሄድ ያው ብራውዘር ስለሆነ ደረጃ 5ን ሳይሠሩ እዚህ አይምጡ።

ደረጃ 11፦ የሚገዛ ካለ ምን ይቅደም?

ራሙ 2 ጊጋባይት ከሆነ ራም ይቅደም። 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ዲስኩ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው፣ በቺፕ የሚሠራ ዲስክ) ይግዙ። ሃርድ ዲስክ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ለማንበብ መርፌውን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ስላለበት በሴኮንድ የሚያስተናግደው ጥያቄ መቶ ገደማ ነው፤ ኤስኤስዲ በአሥር ሺዎች ያስተናግዳል። የማሽኑ ሳታ አሮጌው ባለ 3 ጊጋቢት ቢሆንም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። 240 ጊጋባይት ለቢሮ ሥራ ይበቃል።

ለላፕቶፕ 2.5 ኢንች የሆነውን ይምረጡ። አብዛኞቹ ኤስኤስዲዎች ውፍረታቸው 7 ሚሊሜትር ሲሆን የድሮ ላፕቶፕ ማስቀመጫ 9.5 ሚሊሜትር ሊሆን ስለሚችል፣ እንዳይወዛወዝ በዙሪያው የሚገባውን ፕላስቲክ አብረው ይጠይቁ። አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ ሊኑክሱን አዲስ ጭነው ፋይሎችዎን ከደረጃ 1 ቅጂ ቢመልሱ እመርጣለሁ፤ የቆየ ዝብርቅርቅ አብሮ አይዛወርም።

ራም ሲገዙ አሁን ያለውን አውጥተው ተለጣፊ ጽሑፉን ፎቶ ያንሡና ለሻጩ ያሳዩ። ዲዲአር2፣ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የመሰኪያቸው ጎድጓዳ የተለያየ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በግድ አይጫኑት። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ግን በመልክ አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው በ1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው በ1.35 ቮልት ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጡ ብዙ ላፕቶፖች ባለ 1.35ቱን ብቻ ስለሚቀበሉ ኤል የሚለውን ፊደል ሳያዩ አይክፈሉ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

በርካታ ማስተካከያዎችን በአንድ ጊዜ ማድረግ ዋነኛው ነው። ቢሻሻል የትኛው እንደሠራ አይታወቅም፤ ቢብስ ደግሞ የትኛውን መመለስ እንዳለብዎት አያውቁም። ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ ዳግም አስነሥተው የደረጃ 2ን ልኬት ይድገሙ።

ሊኑክስ ራሙን «በላው» ብሎ መደንገጥም የተለመደ ነው። ሊኑክስ ሥራ የፈታውን ራም በቅርብ የተነበቡ ፋይሎችን ለማቆየት ይጠቀምበታል፤ ፕሮግራም ሲፈልገው ወዲያው ይለቅቃል። ስለዚህ መታየት ያለበት «ፍሪ» የሚለው ሳይሆን «አቬይለብል» የሚለው ቁጥር ነው። ይህን የተጠራቀመ መረጃ በየጊዜው የሚጠርግ ትእዛዝ የሚያሠሩ ሰዎች ፋይሎቹ እንደ አዲስ ከዲስክ እንዲነበቡ ስለሚያስገድዱ ማሽኑን ያዘገዩታል።

ስዋፕን ጨርሶ ማጥፋት ከስዋፕ መብዛት የከፋ ነው፤ ራሙ ሲያልቅ ሊኑክስ አንዱን ፕሮግራም ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል፣ ያላስቀመጡት ጽሑፍም ይጠፋል። ሊኑክስ ምን ያህል ቶሎ ወደ ስዋፕ እንደሚሄድ የሚወስነውን «ስዋፒነስ» የሚባለውን ቁጥር ከ60 ወደ 10 ማውረድ በየቦታው ይመከራል፤ እውነተኛ የራም እጥረት ላለበት ማሽን ግን መፍትሔ አይሆንም።

ማሽኑ ሲደርቅ የማብሪያ ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት የሚሽከረከር ዲስክን ይጎዳል። በመጀመሪያ የዲስኩን መብራት ይመልከቱ፤ ሳያቋርጥ እየበራ ከሆነ ሥርዓቱ አልሞተም፣ ስዋፕ ላይ ነው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁት። ከዚያም ካልተመለሰ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ1 ቁልፎችን አብረው ተጭነው ጥቁሩ መግቢያ ሲመጣ በስምዎና በይለፍ ቃልዎ ይግቡ፤ እዚያ ሆነው ዳግም እንዲነሣ ቢያዝዙት ፋይሎቹን በሥርዓት ዘግቶ ይወጣል።